ዝምታ የሚነቅዝበት ከተማ፦ በሰሜን አውሮፓ ትንሽ ስፍራ ላይ የወንጀል ልብ ወለድ ለመጻፍ

«ዝም አይነቅዝም» ይላል የአገራችን ሰው። የሰሜን አውሮፓ የወንጀል ልብ ወለድ ግን የቆመው ይህን ተረት ገልብጦ ነው፤ እዚያ ዝምታ ይነቅዛል። ሃምሳ ስድሳ ዓመት ጎተራ ውስጥ ተዘግቶ የኖረ ነገር አንድ ክረምት ላይ ነቀዙ ይወጣል፤ ሰው ይሞታል። ስለዚህ አስከሬኑ ይቆይ። በቅድሚያ የሚዘጋጀው ማን ምን ያውቅ እንደ ነበረና ለምን አፉን እንደ ዘጋ ነው።

ይህን የተማርኩት ተሳስቼ ነው። የመጀመሪያ ሙከራዬ በአንደኛው ገጽ ላይ በረዶ ውስጥ በተጋደመ ሬሳ ይጀምር ነበር። አርባ ገጽ ያህል ስሄድ መርማሪዬ ያላንኳኳው በር አልቀረም፤ ከየቤቱ ያገኘው መልስ ግን አንድ ነበር፤ «አላየሁም፣ አልሰማሁም»። እውነታቸውን ነው፤ ደራሲያቸው የሚደብቁትን ነገር አልሰጣቸውም። ያን ረቂቅ ጣልኩትና ከሌላ ጫፍ ጀመርኩ። ከዚህ በታች ያለው የዚያ የሁለተኛው መንገድ አካሄድ ነው። ምሳሌዬ አይስላንድ ናት፤ ስዊድን ወይም ኖርዌይ የሚቀናዎ ከሆነም ቅደም ተከተሉ ብዙ አይለወጥም።

1. ቦታውን ከካርታ ይውሰዱ፤ ስሙን ይተዉት

በሰሜን አይስላንድ ሲግሉፊዮርዱር የምትባል 1,200 ገደማ ሰው የሚኖርባት ከተማ አለች። በስተሰሜን ባሕር፣ በቀረው ጎኗ ሁሉ ቀጥ ያለ ተራራ ይዟታል። እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ (ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን ነው) የሄሪንግ ዓሣ መዲና ነበረች። በበጋ ዓሣውን አርደው በጨው የሚደረድሩ ሴቶች ከየአቅጣጫው ይጎርፉባት ነበር። አንዲት ሠራተኛ በርሜል በሞላች ቁጥር ሳንቲም የምታህል የብረት ምልክት ይሰጣታል፤ እርሷም ቡት ጫማዋ ውስጥ ትጥለዋለች፤ ክፍያዋ በዚያ ይቆጠራል። ከዚያ ዓሣው ከባሕሩ ጠፋ፤ ሰውም ተከትሎ ሄደ። በተራራው ሥር የሚያስገባው የመጀመሪያው ዋሻ የተከፈተው በ1967 ነው፤ ርዝመቱ 800 ሜትር ገደማ ሲሆን ሁለት መኪና ጎን ለጎን አያሳልፍም። ሌላው መግቢያ እስከ 2010 አልተከፈተም ነበር።

እንዲህ ያለ ከተማ ለደራሲ ግማሽ ሥራ ነው። መንገዱ በበረዶ ናዳ ሲዘጋ ገዳይ፣ ምስክርና ፖሊስ አንድ ቤት ውስጥ እንደ ተቆለፉ ይቁጠሩት። ይህን ነገር ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስቸግርም። ቀድሞ በአገራችን ወንጀለኛው ያልታወቀ በደል ሲፈጸም ያካባቢው ሰው አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰብና ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ እንዳይበተን ይደረግ ነበር፤ አውጫጭኝ ማለት ይኸው ነው። ሐሳቡም ግልጽ ነው፦ ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል የሚያውቅ አይጠፋም። በአይስላንዱ ታሪክ ሕዝቡን ሰብስቦ የሚይዘው ዳኛ የለም፤ አውጫጭኙን የሚያስቀምጠው በረዶው ነው።

ስሙን ይለውጡ ያልኩት ለይሉኝታ ብቻ አይደለም። 1,200 ሰው ባለበት ከተማ ፖስተኛውን ገዳይ ካደረጉት፣ ፖስተኛው አንድ ነውና ስሙን ጠሩት ማለት ነው። ተራራውን፣ ወደቡንና ዋሻውን ይዋሱ፤ ከተማዋን ግን የራስዎ ያድርጓት።

2. የብርሃን መቁጠሪያ ይሥሩ

ወረቀት ይዘው የታሪኩን ቀናት በተርታ ይጻፉ፤ ከጎኑ ብርሃኑ ስንት ሰዓት እንደሚመጣና እንደሚሄድ፣ አየሩ ምን እንደ ነበረ፣ መንገዱ ክፍት ይሁን ዝግ። ይህ ወረቀት ከሌለዎት በምዕራፍ ሦስት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥላ ያጠላሉ፤ ያን ጊዜ ግን ጥላ የሚጥል ፀሐይ የለም።

ሲግሉፊዮርዱር ላይ ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ጃንዋሪ 28 (በእኛ ጥር 20) ፀሐይዋ ተራራውን አታልፍም። በተመለሰችበት ቀን በየቤቱ «የፀሐይ ፓንኬክ» ይጋገራል። ጀማሪዎች ታዲያ ይህን ሲሰሙ ሙሉውን መጽሐፍ ድቅድቅ ጨለማ ያደርጉታል። ስሕተት ነው። እኩለ ቀን አካባቢ ለጥቂት ሰዓታት ሰማያዊ ድንግዝግዝ አለ፤ ሰው ከሩቅ ይታያል፣ ፊቱ ግን አይለይም። ለወንጀል ታሪክ ከዚህ የተሻለ ብርሃን አላውቅም፤ ምስክሩ ሳይዋሽ ይሳሳታል። በበጋ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሌሊት የለም፤ ገዳይ የሚሸሸግበት ጨለማ የለም፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ሁሉ መስኮት ላይ ነው።

በናዳው ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በ1995 በጃንዋሪ ሱዳቪክ በተባለ መንደር 14 ሰው፣ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ፍላቴይሪ ላይ 20 ሰው በበረዶ ናዳ ሞቷል። ለአይስላንዳዊ ይህ የቅርብ ሐዘን ነው። ናዳውን መንገድ ለመዝጋት ይጠቀሙበት፤ ቤት ላይ የሚጥሉት ከሆነ ግን መጽሐፍዎ ስለዚያ መሆን አለበት።

3. የዝምታ መዝገብ ይክፈቱ

ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ ከጠቅላላው ጊዜዎ ሲሶውን እዚህ ላይ ቢያጠፉ አይቆጭዎ። ደብተሩን አምስት ዓምድ ያድርጉት፦ ስም፣ ምን አየ፣ ምን ገመተ፣ ለማን ነገረ፣ ለምን ዝም አለ። ከዚያ አሮጌውን በደል ይምረጡና እያንዳንዱን ሰው በመዝገቡ ላይ ያሳልፉ።

እኔ ከሞላሁት ጥቂት ላሳይ። በ1965 በጋ ለዓሣ ሥራ የመጣች የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ትጠፋለች። ከተማው «በመርከብ ሄደች» ብሎ ይዘጋዋል። ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ በክረምት፣ ወደ እንግዳ ማረፊያነት በሚታደሰው አሮጌ የጨው ቤት ውስጥ አንድ ሽማግሌ ከደረጃ ሥር ሞተው ይገኛሉ፤ ጡጫቸው ውስጥ አንድ የዛገ የብረት ምልክት አለ።

ሽማግሌው ያን ጊዜ ሃያ ዓመታቸው ነበር። በሸራ የተጠቀለለ ነገር ከአለቃቸው ጋር ተሸክመዋል፤ ምንነቱን አልጠየቁም። በማግስቱ ቋሚ ሥራ አገኙ፤ ዝም ያሉት ለእንጀራቸው ነው። ባልቴቷ ከጠፋችው ልጅ ጋር አንድ ክፍል ይጋሩ ነበር፤ ሻንጣዋ አልጋ ሥር እንደ ቀረ ያውቃሉ። ኋላ ያንኑ አለቃ አገቡ፤ መጀመሪያ ስለ ፍቅር፣ ቀጥሎ ስለ ልጆቻቸው ዝም አሉ። ባለ ሱቁ ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ሻንጣ ሲቃጠል አይቶ ለእናቱ ነገረ፤ እናቱ በጥፊ አሉት። እስከ ዛሬ ስለ ሻንጣው ሲያስብ ትዝ የሚለው ጥፊው ነው። ቄሱ ከተማዋን የተሾሙባት ከአሥራ አምስት ዓመት ወዲህ ነው፤ አለቃው ሲሞት ግማሽ ኑዛዜ ሰምተዋል፤ እርሳቸውን የያዛቸው መሐላቸው ነው።

እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ ሁሉም ቁራሽ ቁራሽ አለው፤ ሙሉውን ያየ የለም፤ እያንዳንዱም የሚያውቀው እርሱ ብቻ ይመስለዋል። ከዚህ አንድ ሕግ ይወጣል፤ ግድያው የሚፈጸመው ሁለት ቁራሾች አንድ ገበታ ላይ ሊገናኙ ሲሉ ነው። አይስላንድ ውስጥ ከቀብር በኋላ ቡናና ኬክ የሚቀርብበት ስብሰባ አለ። ሽማግሌውና ባለ ሱቁ በአንድ ቀብር ቡና ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ አንዱ ስለ ሸራ ሌላው ስለ ሻንጣ ቢያነሣ፣ ከወዲያኛው ጠረጴዛ ሆኖ የሚሰማ ሦስተኛ ሰው ቢኖር? ገዳይዎን አገኙት።

አምስተኛው ዓምድ ላይ «ፈራ» ብለው ብቻ አይጻፉ። ፍርሃት ብዙ ዓይነት ነው፤ ሰሜናውያኑ ራሳቸው ስም ሰጥተውታል። የኖርዌዩ ባለቅኔ ቱር ዮንሶን «የመንደር አውሬ» ይለዋል፤ ፊት የሌለው፣ የማንም ያልሆነ፣ ከሰው መንገድ የወጣውን ግን የሚቦጭቅ የጋራ ዓይን ነው። አክሴል ሳንደሞሴ ደግሞ በ1933 ባሳተመው ልብ ወለድ ያንቴ የተባለች ከተማ ፈጥሮ አሥር ሕጎች ሰጣት፤ የሁሉም መንፈስ «ከእኛ የተሻልክ እንዳይመስልህ» የሚል ነው። እኛ ይሉኝታ አለን፤ ከሁለቱም ጋር ዘመድ ነው። ልዩነቱ የእኛ ይሉኝታ ሰውን ያናግራል፣ ያስጋብዛል፣ ያስለቅሳል፤ የእነርሱ ዝም ያሰኛል። ገጸ ባሕርያትዎ የሐዘን ቤት ለቅሶ ማሰማት ከጀመሩ ከአይስላንድ ወጥተዋል ማለት ነው፤ ይመልሷቸው።

4. ስምን እንደ ፍንጭ ይጠቀሙበት

እዚህ ላይ ለአማርኛ ደራሲ ዕድል ቀንቶታል። አብዛኛው አይስላንዳዊ እንደ እኛ የቤተሰብ ስም የለውም፤ በአባቱ ስም ይጠራል። የዮን ወንድ ልጅ ዮንሶን፣ ሴት ልጁ ዮንስዶቲር ትባላለች፤ ባል ስታገባም ስሟ አይለወጥም። በወረቀት ይታተም የነበረው የስልክ ማውጫ ሳይቀር በራስ ስም ፊደል ተራ የተደረደረ ነበር። የእንግሊዝ አንባቢ እዚህ ላይ ግራ ሲጋባ የእኛ አንባቢ ያለ ማብራሪያ ያልፈዋል።

ያልፈዋል ብለው ግን ችላ አይበሉት። አባቱ ሌላ የሆነ ልጅ በየቀኑ፣ በትምህርት ቤትም በሱቅም፣ ውሸቱ ጮክ ተብሎ ይጠራበታል ማለት ነው። ከ2003 ጀምሮ ደግሞ አይስላንዳውያን የዘር ሐረጋቸውን በኢንተርኔት የሚያዩበት መዝገብ አላቸው። በመዝገቡ ላይ የተጻፈው ስምና ደሙ የሚናገረው ስም ሲለያዩ አንድ ምዕራፍ ተጻፈልዎ።

5. መርማሪውን ከመዝገቡ ውስጥ ያውጡ

ብዙዎች ከዋና ከተማ የመጣ እንግዳ ፖሊስ ይመርጣሉ። ቀላል ነው፤ የማያውቀውን ሁሉ ሲጠይቅ አንባቢውም አብሮ ይማራል። እኔ ግን የከተማዋ ልጅ ሆኖ ወጥቶ የተመለሰውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም የእርሱም ስም በዝምታው መዝገብ ላይ ሊሰፍር ይችላል። አባቱ ምን ያውቁ ነበር? የሚለው ጥያቄ ሌሊት ሌሊት ይቀሰቅሰዋል።

ሦስተኛም መንገድ አለ። ስዊድን ውስጥ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞሩ የሚንከባከቡ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች አሉ፤ ከእነርሱ መካከል ከእኛ አገር የሄዱም ይገኙበታል። የእነዚህ ሠራተኞች እጅ ላይ የብዙ ቤት ቁልፍ አለ። መድኃኒቱን፣ ፍሪጁን፣ ያልተከፈተውን ደብዳቤ ያያሉ፤ ከተማው ግን እነርሱን አያያቸውም። ታሪክዎን ወደ ስዊድን ካዞሩት ከፖሊሱ ይልቅ በአንዲት እንዲህ ባለች ሠራተኛ ዓይን ያሳዩት።

ፖሊሱ የአይስላንድ ከሆነ መሣሪያ ታጥቆ አይዙርብዎ። በተራ ሥራ ላይ ሽጉጥ አይዙም፤ የአገሪቱ ፖሊስ ሰው ተኩሶ የገደለው ለመጀመሪያ ጊዜ በዲሴምበር 2013 ነው። የሥራው አብዛኛው ክፍል ሰካራም፣ በበረዶ የተቀበረ መኪናና የጎረቤት ጠብ ነው። ከባድ ወንጀል ሲሆን እርዳታው ከዋና ከተማዋ ከሬይክያቪክ ይመጣል፤ መንገዱ ከተዘጋ ግን አስከሬኑም አይሄድም፣ ባለሙያውም አይመጣም። ያን ጊዜ ፖሊሱ የቀረው ፎቶ ማንሣት፣ መዝጋትና ማሰብ ብቻ ነው። በመላው አገሪቱ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት የሚገደለው ሰው በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠር በመሆኑ ለአንድ መጽሐፍ አንድ አስከሬን፣ ቢበዛ ሁለት በቂ ነው። አንዳንዱ ደራሲ በአሥረኛ መጽሐፉ ከተማዋን ባዶ ያደርጋታል።

6. አንተ፣ አንቺ ወይስ እርስዎ?

በትርጉም ሥራ ላይ ያሉ ወዳጆቼን ሁሉ የሚያጣላ ጥያቄ ነው። ስዊድኖች በ1967 የሕክምና መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ብሮር ሬክሴድ ሠራተኞቹን ሁሉ «አንተ» እያለ እንደሚጠራ ካስታወቀ ወዲህ ማዕረጉን እየጣሉ መጡ፤ አይስላንዳውያንም የአክብሮቱን ቃል ከዕለት ንግግራቸው አውጥተዋል። ሚኒስትሩ በራስ ስሙ ይጠራል።

አሁን የሠላሳ ዓመት ፖሊስ ሰማንያ ያለፋቸውን ባልቴት በአማርኛ «አንቺ» ይበላቸው? የአገሩ እውነት ነው፤ የአንባቢው ጆሮ ግን ስድብ ይሰማል፤ ከዚያ ወዲያ ፖሊሱን ባለጌ እንጂ ሌላ አያደርገውም። እኔ ለሽማግሌና ለባልቴት «እርስዎ»ን እጠቀማለሁ፤ በእኩዮች መካከል «አንተ»ና «አንቺ»። አንድ ትርፍም አለው፤ ባልቴቷ ፖሊሱን በልጅነቱ ያውቁታልና «አንተ» ይሉታል። በስተመጨረሻ፣ ፖሊሱ ወንጀሉን ሲደርስባቸው፣ ድንገት «እርስዎ» ቢሉትስ? አይስላንድኛ ይህን በአንድ ቃል ማድረግ ይከብደዋል፤ አማርኛ በነጻ ይሰጥዎታል። ምርጫዎ የትኛውም ይሁን፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ ወስነው እስከ መጨረሻው ይጽኑ።

7. ምርመራውን ወጥ ቤት ውስጥ ያድርጉት

በትንሽ ከተማ ሰው ወደ ጣቢያ አይጠራም፤ ቡና ይጠጣል። የእኛን ቡና ግን አያስገቡ። መቁላት የለም፣ ጭስ የለም፣ ሦስተኛ ዙር የለም። ቡናው ከጠዋት ጀምሮ ፔርሙዝ ውስጥ ነው፤ አጠገቡ ክላይና የሚባል በዘይት የተጠበሰ ጥምዝ ሊጥ ይቀመጣል። ወደ ቤት የሚገባ ሰው ሁሉ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል። ይህ ልማድ ለደራሲ ወርቅ ነው። ከረቂቄ አንዲት ትዕይንት ልጥቀስ፦

ፖሊሱ ገባ፤ እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ። ከባልቴቷ ነጠላ ጫማ አጠገብ አንድ ጥንድ የወንድ ቡት ቆሟል፤ ከሥሩ የቀለጠ በረዶ ኩሬ ሠርቷል።

«ብቻዎን ነዎት?»

«ከማን ጋር ልሁን ብለህ?» አሉት። ፔርሙዙን አንሥተው ሁለት ስኒ ሞሉ።

ስለ መንገዱ አወሩ። ስለ ጠፋው መብራት አወሩ። በመሐል ከበሩ በኩል ብርድ ሽው አለና የጠረጴዛው ልብስ ጫፍ ተነቃነቀ፤ ባልቴቷ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ስለ ልጅ ልጃቸው ማውራት ጀመሩ። ፖሊሱ ሁለተኛውን ስኒ ጨርሶ አመሰገነ።

ሲወጣ በሩ ሥር የነበረው ውኃው ብቻ ነው።

ፖሊሱ ለምን አልጠየቀም? ቡቱን ያውቀዋል፤ በከተማዋ ቡት የሚሸጥ ሱቅ አንድ ነው። ቢጠይቅ ባልቴቷ ይዋሻሉ፤ አንዴ ከዋሹት በኋላ ደግሞ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ከሚስቱ አጠገብ መቆም ይቸግራቸዋል። በትልቅ ከተማ መርማሪ ጥያቄውን ይወረውራል፤ እዚህ ጥያቄውን ይዞ ይወጣል፤ ሁለቱም እንዳልተጠየቀ ያውቃሉ። የእርስዎን ትዕይንት ሲጽፉ ከጥያቄዎቹ ግማሹን ይሰርዙ፤ የቀረውን ነገር ዕቃ ይናገረው።

8. የወሬውን መንገድ ይሳሉ

አጭር ሥራ ነው፤ ግን አይዝለሉት። በአይስላንድ ትንሽ ከተማ ሁሉ ማለት ይቻላል የሕዝብ መዋኛ አለ፤ ከጎኑም ሰው እስከ አንገቱ ተነክሮ የሚቀመጥበት ሙቅ ገንዳ። ሐሜትም ፖለቲካም የሚወራው እዚያ ነው። ነዳጅ ማደያው ቀጥሎ ይመጣል። አንድ ፍንጭ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከወጣ፣ ስንት ሰዓት ገንዳው ጋ ደረሰ? ከማን ወደ ማን? ይህን በቀስት ሥዕል ካልያዙ አንድ ገጸ ባሕርይ ያልሰማውን ነገር ይናገርብዎታል፤ የወንጀል ልብ ወለድ አንባቢ ደግሞ ይህን አይምርም። ኖርዌያውያን በፋሲካ ዕረፍት ወደ ተራራ ጎጆ ሲወጡ የወንጀል መጽሐፍ ይዘው ነው፤ ልማዱ በ1923 ከወጣ አንድ የመጽሐፍ ማስታወቂያ ይጀምራል። ከመቶ ዓመት በላይ በዚህ የሠለጠነ አንባቢ ነው የሚጠብቅዎ።

9. እስሩን አሳጥረው ቀጣዩን ቀን ያርዝሙ

ገዳዩ አምስት ገጽ ሙሉ ቆሞ የሚናዘዝበትን ምዕራፍ ከጻፉ ይሰርዙት። መዝገቡ ላይ ያለውን አንባቢ በገዛ እጁ ገጣጥሞታል፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ርዝመቱን ለማግስቱ ይስጡት። መንገዱ ተከፍቷል፣ የሬይክያቪክ መኪና ገዳዩን ይዞ ሄዷል፣ ሥራ የሚጀምርበት ሰዓት ግን አልተለወጠም። ባለ ሱቁ ሱቁን ይከፍታል። ባልቴቷ ዳቦ ይገዛሉ፤ ዋጋው ስንት እንደ ሆነ ያውቃሉ፣ ግን ይጠይቃሉ፤ ሌላ የሚባባሉት ስላጡ ነው።

የብርሃን መቁጠሪያዎን ከመጀመሪያው በደንብ ሠርተውት ከሆነ ይህን ቀን ጃንዋሪ 28 ላይ ማሳረፍ ይችላሉ። ፖሊሱ በእግሩ ይሂድ። ከየቤቱ የፓንኬክ ሽታ ይውጣ። ወደ ሙቁ ገንዳ ሲገባ ወሬው ይቋረጥ፤ አንዱ ጠጋ ብሎ ቦታ ይልቀቅለት፤ ስለ አየሩ ያውሩ። ከተራራው ጫፍ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ፀሐይዋ ስትወጣ ሁሉም ወደዚያ ዞረው ዓይናቸውን ይጨፍኑ። ማንም ምንም እንዳይል ይጠንቀቁ።